ሰባተኛው ቤት

ባለፈው ሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን እኔ ቤት ነበር። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከዞረ በኋላ ሴቶቹ ወደኔ ዞሩ። ትውልድ የሚቆጥሩት አሮጊቶች አንድ በአንድ አልፈው ለካ ተራው እኔ ጋ ደርሷል። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ትውልድ ግን ከዚያ በፊት ቆጥሬያለሁ። «አገሩን ያቀናው መንገሻ» ብዬ ጀመርኩ። ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

በዚህ ስም ላይ የሚያስቆመኝ ነገር የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ከደብረ ማርቆስ ግማሽ ቀን የሚያስኬደው አገራችን ላይ ወንዶች ትውልድ የሚቆጥሩት ለርስት ነበር፤ መሬት የማያስገኝ አያት ካለ ይረሱታል። ሴቶቹ ግን ሁሉንም ይዘዋል፤ በሕፃንነቱ የሞተውን፣ ሩቅ አገር የተዳረችውን፣ መንና የቀረችውን። ጋብቻ ሲታሰብም ሰባት ቤት መሙላቱን የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። እኔና ባሌ አለሙ ሁለታችንም የመንገሻ ዘር ነን፤ እኔ በአንዱ ልጁ፣ እሱ በሌላው። ተቆጠረ፣ ሰባት ሞላ፣ በጥር ተዳርኩ።

ነሐሴ ላይ ማኅበሩ አማቴ ቤት ዋለ። ሴቶቹ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ገቡ፤ ቤቱ እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበ። አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበርና ጠላውን የምቀዳው ቀስ እያልኩ ነው። ከዲማ የመጡ አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ በእንግድነት ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ሙሴ እማማ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ የሴት ማኅበርም ቢሆን አለቃዋ ሙሴ ነው የምትባል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው የባሌን ሐረግ መቁጠር ጀመሩ። «ቢተው ወልደ ማርያምን ወለደ» ከማለታቸው እማሆይ ቀና አሉ።

«ቆይ እስቲ። ቢተው ራሱ እኮ ነው ወልደ ማርያም። የክርስትና ስሙ ነው።»

«ራሱን ወለደ በሉኛ» አለች አንዷ። ተሳቀ። ወዲያው ዓይናቸው ሆዴ ላይ አረፈና ሳቁ ቆመ። የዓለም ስሙንና የክርስትና ስሙን ሁለት ሰው አድርገን ቆጥረን ኖሯል። ቤቱ ስድስት ሆነ ማለት ነው። ስድስት ከሆነ ጋብቻው ይፈርሳል፤ ያረገዝኩትም ከዘመድ የተወለደ ይባላል። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እማማ ጥሩወርቅ «ከማን ነው የምንጀምረው?» አሉ።

«ከመንገሻ ልጆች ነዋ። ሁሌም ከወንድማማቾቹ ነው» አለች አንዷ።

«መንገሻስ? አገር ያቀና ሰው ልጆቹን ሜዳ ላይ ነው የወለዳቸው? ቤት የለውም?»

«እንዲህ ተቆጥሮ አያውቅም» አሉ እማሆይ።

«ዛሬ ተቆጠረ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

ይኼኔ እታገኘሁ ከበሩ ጥግ ተነሣች። የልጇን እጮኛ አንድ ቤት ጎደለ ብለው የመለሱባት ናት። «ያኔ የኔዋን ስትከለክሉስ መንገሻ ቤት አልነበረውም? ልጄ ይኸው ቆማ ቀረች።»

«ያኔ መጠየቁ አልመጣልኝም፣ እታገኘሁ» አሉ እማማ ጥሩወርቅ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ። እታገኘሁ ነጠላዋን አጣፍታ በዝናቡ ወጣች። እማሆይ ወደኔ ዞረው «ተቀመጭ ልጄ፣ ደከመሽ» አሉኝ። ሰባቱ ቤት በዚያው ጸና።

ስም መጣል እንደ ኃጢአት የሚፈሩ ሴቶች ነበሩ። ያን ቀንም ስም አልጣሉም፤ መነሻውን ብቻ ከፍ አደረጉት። ዛሬ ማኅበር ላይ እኔም ከመንገሻ ነው የምጀምረው፤ አፌን ሞልቼ እቆጥራለሁ። ልጆቼ ደኅና ሲሆኑ ለራሴ ስቆጥርም እንደዚያው ነው። አንዱን ትኩሳት ሲይዘው ግን፣ ግንባሩን እየዳበስኩ፣ ሳላስበው ከወንድማማቾቹ እጀምራለሁ። ስድስት ላይ ያልቅብኛል።