ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

ሰኔ 14 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም። ከደብተር በተቀደደ ቅጠል ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ፣ ለጨዋታ የተመረጡ ድምፆች ዝርዝር ነው። አሥራ ስምንት ተራ ቁጥሮች ተሞልተዋል። አሥራ ዘጠነኛው «ወንዝ መሻገር፣ ማንም ሳይሰጥም፦» ይልና ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። የጻፈው መልካሙ ገነነ ነው። ከአራት ቀን በኋላ በሠላሳ አንድ ዓመቱ በድንገተኛ ሕመም ዐረፈ። ወረቀቱን የሰጡኝ እናቱ ወይዘሮ አቻምየለሽ ናቸው። የምሠራው መዝገብ ቤት ስለሆነ ወረቀት ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም።

መልካሙ የተወለደው ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው። አባቱ ሲሞቱ እናቱን ይዞ ፍኖተ ሰላም ገባ። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ሞባይል ይጠግን ነበር፤ ዘፈንም ይጭን ነበር። ሰዎች ሜሞሪ ካርዳቸውን ያስቀምጡና «ለእህቴ ሠርግ» ወይም «ለመንገድ» ብለው ይሄዳሉ፤ ምን እንደሚገባበት የሚመርጠው እሱ ነው። አንድ የፈረስ ቤት መስመር ሾፌር «ዳገቱ ላይ የሚያነቃ፣ ቁልቁለቱ ላይ የማያስቸኩል አድርግልኝ» ሲለው ሰምቻለሁ። መልካሙ አልሳቀም። ሁለት ቀን አስቦበት ጫነለት።

ጨዋታውን ያመጣችው ህይወት ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከጓደኞቿ የተማረችው ነው። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪዋ «ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ስትል መልሱ የእኛ ነው። መሳካቱንና አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። ለዕጣው ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ያስፈልግ ነበር። ከተማው ውስጥ ያለው የሉዶው ብቻ ስለሆነ ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረን እናወጣ ነበር። ቡሬ ተወልዶ እዚህ ጨርቅ የሚነግደው ያህያ ሁልጊዜ ሽፍታ ይሆናል። እኔ የጠፋ መጽሐፍ የሚፈልግ መነኩሴ ነበርሁ። መልካሙ ግን ሰው ሁን ሲባል እንቢ አለ።

«እኔ አንዱንም በቅጡ አልሆንሁት፤ ሁለተኛ ሰው ከየት ላምጣ? ድምፁን ልያዝ።»

የምንጫወተው እሑድ ከሰዓት፣ በሰፈራችን እድር አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሁላችንም የእድሩ አባላት ነን፤ እኔ ደግሞ ጸሐፊው ነኝ። ድስቶቹና አግዳሚዎቹ በተደረደሩበት ጥግ አንዲት ጠረጴዛ ትበቃናለች።

መልካሙ ድምፅ ሲመርጥ ያየሁትን ያህል ጥንቃቄ በሙያዬ ውስጥ እንኳ ጥቂት ሰው ላይ ነው ያየሁት። በመጀመሪያው ወር ግጥም ያለበትን ዘፈን ሁሉ አስወጣ፤ ያህያ አብሮ እየዘፈነ ተራው ያልፈዋል። ዋሽንት ለመንገድ ይሆናል ብሎ አመጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጨዋታው ቀርቶ ስለ ልጅነት ከብቶቻችን እናወራ ስለነበር እሱንም ሰረዘው። መሲንቆ ሲሰማ ያህያ የሚሰደብ እየመሰለው ቀድሞ ይስቃል። ፉከራ የባሰ ነበር። ህይወት ከጠላት ጋር የምንደራደርበትን ታሪክ ሦስት ቀን አዘጋጅታ መጣች፤ ፉከራው ሲጀምር ግን መነኩሴው እኔ ሳልቀር ሰይፍ መዘዝሁ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው ህይወት። «ሊታረቁ ነበር እኮ።»

«ፉከራ እየሰማ የሚታረቅ ጎጃሜ ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ የተቀዳ ሙዚቃ መፈለጉን ትቶ ራሱ በሞባይሉ ይቀዳ ጀመር። ለፍርሃት ከደምበጫ መንገድ ዳር ያለውን የእህል ወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ቀዳ፤ እስካሁን ወፍጮው ሲነሣ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል። ለምክክር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ቀስ ያለ ዝናብ መረጠ። በዐቢይ ጾም በገና ብቻ፣ እሱም ዝቅ ብሎ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ለጨዋታ አይሆንም አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እነዘንዘው ነበር፤ የሚያሳጥረውን ያሳጥር እንጂ ዋናውን ቅጂ እንዳያጠፋ። «አንተ አቧራም ቢሆን ቁጥር ትሰጠዋለህ» ይለኛል፤ ግን አያጠፋም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ ላይ ህይወት የተከበበ ምሽግ ታሪክ አዘጋጀች። የማስጠንቀቂያ መለከት ያስፈልግ ነበር። መልካሙ ከሜሞሪ ካርድ ውስጥ ያገኘው ሁሉ የፊልም ይመስላል ብሎ ጣለው። ከዚያ አቶ እጅጉ ዘንድ ሄደ። አቶ እጅጉ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት በየመንገዱ ሦስት ጊዜ እያስረዘሙ ይነፉና የሟቹን ስም ይጠራሉ። ሁለቱም፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብለው፣ ላህ ወንዝ ድረስ ወረዱና እዚያ ቀዱት። ሲቀዱ ይህን ያህል ተጠነቀቁ። ሲከፈት የት እንደሚሰማ ግን ጠረጴዛውን የከበብነው አላሰብንም፤ እኔም ጭምር።

ኅዳር 7 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቆርቆሮው ስለጋለ መስኮቱ ክፍት ነበር። ያህያ ለሠርግ የሚያከራየውን ትልቁን ስፒከር ይዞ መጥቷል። ህይወት «ከዳገቱ ማዶ አንድ ነገር ተነሣ» አለች፤ መልካሙ ነካው።

ሦስት ረጃጅም ጥሪ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

«ይህስ እውነተኛ ነው» አለ ያህያ፣ ክንዱን እያሻሸ።

በዚያው ቅጽበት ከውጭ አንድ በር ሲከፈት ሰማን። ከዚያ ሌላ። በመስኮቱ ስናይ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አዙረው እየወጡ ነው። «ማን ነው?» ይላል አንዱ። «ስም አልተጠራም እኮ።» በእኛ ሰፈር ጥሩምባ ተነፍቶ ስም ካልተጠራ የሟቹ ቤተሰብ ገና አልተረዳም ማለት ነው።

መልካሙ ሮጦ ወጣ። «ማንም አልሞተም፤ ጨዋታ ነው» አለ።

«በዚህ ጨዋታ የለም፣ ልጄ» አሉት አንዲት እናት።

በዚህ መሐል አቶ ታከለ መጡ። ባለቤታቸው ምጥ ጠንቶባት በዚያ ጠዋት በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተልካ ነበር። እሳቸው ልጆቹን ለማን እንደሚተዉ አጥተው ቀርተዋል። አልሮጡም፤ በዝግታ ነው የመጡት፣ ጫማቸውን ሳያስሩ። መልካሙ ፊት ቆሙ።

«ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ ያስነፋሁት።»

«አዎ» አሉ አቶ ታከለ። «እኔም ለወንድሜ እንዲሁ ብዬ ነው ያሳደርሁት።»

ያኔ ምን እንዳደረግን ገባን። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ለባለቤቱ የሚባለው «ማንም አልሞተም» ነው። ሁላችንም ብለነዋል፤ ለሁላችንም ተብሎልናል። አሁን እውነቱን የምንናገርበት ቃል አልቀረንም። ህይወት ማለች። እኔ ማልሁ። ያህያ «ወላሂ» ሲል አቶ ታከለ ትከሻውን ዳበስ አደረጉትና «አንተንም አስማሉህ?» አሉት። ስልክ ቢሞከር ኔትወርክ የለም፤ እሱም ሆን ተብሎ የተደረገ መሰላቸው። አቶ እጅጉ ከሽንኩርት ማሳቸው ተጠርተው እያለከለኩ ደረሱ።

«እኔ ዛሬ አልነፋሁም፣ ታከለ። እጄን እየው፣ ጭቃ ነው።»

«አያ እጅጉ፣ ትንፋሽዎን አጣዋለሁ? ለእናቴም የነፉ እርስዎ ነዎት።»

ሴቶቹ ከኋላቸው ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዷ ማልቀስ ጀምራለች። አቶ ታከለ መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ።

መልካሙ አጠገባቸው ተንበረከከና ሞባይሉን አወጣ። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ» አለ። ዋናው ቅጂ ነበር። ሦስቱ ጥሪዎች አለፉ። ከዚያ እኛ ያልሰማነው መጣ፤ የወንዝ ድምፅ፣ ረጅም ሳል፣ ከዚያም የአቶ እጅጉ ድምፅ፦ «በል በቃህ። ሽንኩርቴን ውሃ ሳላጠጣ አዋልኸኝ። ደግሞ ይህን ሰው መሐል እንዳትለቀው፤ ሁለታችንንም ከእድር ያባርሩናል።»

አቶ እጅጉ መሬት መሬት ያያሉ።

«ድገመው» አሉ አቶ ታከለ።

ሦስት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው ሽንኩርቱ ላይ ሲደርስ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለቅሶ መስሎን ነበር፣ ሳቅ ነው። «ይህን እንኳ ማንም አስጠንቶ አያስዋሸው» አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኔትወርክ ተመለሰ። ወንድ ልጅ ተወልዷል፤ እናትየውም ደኅና ናት። ያህያ ስፒከሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር፣ እየሳቀበት።

መልካሙ ግን አልሳቀም። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ አንቀጽ 11 በሐሰት ጥሩምባ ያስነፋ አባል ከእድር ይሰረዛል ይላል። ወይዘሮ አቻምየለሽ በልብ ሕመም ከአልጋ ከዋሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ሱቁን አልከፈተም።

«ስለ እኔ አይደለም» አለኝ። «እሷን ማን ያነሣልኛል? ድንኳን የሚተክል፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ማን? ብቻዬን ተሸክሜ ገበዝ ማርያም ልውሰዳት?»

እናቱ ከውስጥ ይሰሙ ነበር። «ሂድና ፊታቸው ቁም» አሉት። «ካባረሩህም እናቴ እስካሁን ልትሞት አላሰበችም በላቸው።»

ስብሰባው ኅዳር 14 ቀን ነበር። ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ስለሆንሁ ከትዝታ አልጽፍም። አርባ አንድ አባላት ተገኝተዋል። ስድስት ሰዎች ተናገሩ፤ አራቱ ደንብ ደንብ ነው አሉ። አንደኛው ዛሬ በጥሩምባ ከተጫወትን ነገ በሬሳ ሣጥን እንጫወታለን አለ። መልካሙ ከበሩ ጎን ቆሞ ነበር። ሲጠየቅ «አጥፍቻለሁ፤ እናቴን አትቅጡብኝ» ብቻ አለ። አቶ እጅጉ ከእሱ ጋር ልሰረዝ ሲሉ የእድሩ ዳኛ «እርስዎ ተቀመጡ፤ ማን ሊነፋልን ነው?» አሏቸው።

ሰባተኛው ተናጋሪ አቶ ታከለ ነበሩ። ከባሕር ዳር የተመለሱት በዋዜማው ነው። ቃላቸውን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦

«የተበደልሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልናገር። ያን ዕለት ሚስቴን ቀብሬያት ነበር። እናንተ ሁላችሁ ማላችሁልኝ፤ አንዳችሁንም አላመንሁም፤ እናንተም እኔን ብትሆኑ አታምኑም። ይህ ልጅ ግን መሸሽ ሲችል ተንበርክኮ የሚያስከስሰውን ድምፅ በገዛ እጁ አሰማኝ። ሁለተኛ እንዳይደገም ቅጡት። ሰርዙት የምትሉ ግን መጀመሪያ እኔን ሰርዙኝ። እኔ በዚያ ቀን ልጄንም ሚስቴንም አንድ ላይ ነው የወለድኋቸው።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው እጅ አስወጡ። ሠላሳ አራት እጅ አይሰረዝም አለ። ቅጣቱ መልካሙ አንድ ዓመት የእድሩ ተላላኪ እንዲሆን፣ ጥሩምባውም በማንኛውም ጨዋታ እንዳይሰማ ነው። አዳራሹ መስኮቱ ተዘግቶ ተፈቀደልን።

መልካሙ ወጥቶ ከአዳራሹ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ሰዎች ሲወጡ እየተራገሙም እየሳሙትም አለፉ፤ አቶ ታከለ ጨብጠውት «ለክርስትናው ዘፈን ትመርጥልኛለህ፤ ጥሩምባ የሌለበት» አሉት። ቤት ስንደርስ ወይዘሮ አቻምየለሽ ፊቱን አይተው ገና ሳንናገር እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ከዚያም «እንግዲህ አሁን እንደ ልቤ መታመም እችላለሁ» አሉና ምግብ አስቀረቡ። መልካሙ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቦ በላ። እሳቸው ዛሬም አሉ።

የቀጣዩን ሰባት ወር መዝገብ አገላብጬዋለሁ። ስብሰባ ሲኖር ቤት ለቤት ይናገራል፤ አግዳሚ ያመጣል፣ ይመልሳል። አንድም ቀን አላጓደለም። እሑድ እሑድ ዝናቡንና ወፍጮውን ይዞ ይመጣ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ሰባተኛው ቁጥር «ጥሩምባ» ይላል፤ ተሰርዟል፤ ከጎኑ «ለማንም አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል።

ሰኔ 16 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፍኖተ ሰላም መብራት ጠፍቶ ነበር። የእድሩ ትልቁ ብረት ድስት አንድ ጆሮው ወልቋል፤ እዚህ መበየድ ስላልተቻለ መልካሙ ድስቱን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ቡሬ ሄደ። የያህያ አጎት ያሳዩት በያጅ ዘንድ አስበይዶ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ድስቱን አንሥቶ ጆሮው እንደያዘ አሳየኝ፤ ከሌሎቹ ጋር ደረደረውና መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ «አንድ ብረት ድስት፣ ጆሮው ተበይዶ ተመልሷል። መልካሙ ገነነ።» ከሥሩ እኔ ፈረምሁ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለአቶ እጅጉ አስረከበና ወደ ቤቱ ሄደ።