ማዕዘን ላይ የታሰረችው ላም

ወንድሜ ሒሳብ አይሆንለትም ነበር። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ሁሉ ከቀልዱ በኩል ነው የሚታየው። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ አንድ ክፍል ስለደገመ ግን ማትሪክ አብረን ልንፈተን ነው። ለእኔ ለሴቷ ፈተና ነበር፤ ለእሱ ነፍሱ ነበረች። ያለፈ ኮሌጅ ይገባል፤ የወደቀ ወንድ የቀበሌው የውትድርና ኮታ መሙያ ነው። ባሕር ዳር ላይ አፈሳው በተማሪ ላይም በርትቶ ስለነበር፣ ከፋሲካ ወዲህ እናታችን ከቤት አላስወጣችውም። ትምህርቱም ቀረ። ሐይቁ እዚያው ከጓሯችን አልፎ እያለ፣ እሱ በድምፁ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ያስቸገረን ሴክተር የሚሉት ነው፤ ከክብ ላይ እንደ ዳቦ የሚቆረሰው። ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል። በወሬ መልክ ሲመጣ ግን ጉድ ይፈላል። አንዲት ላም በቤት ማዕዘን ላይ በሰባት ሜትር ገመድ ታስራለች፤ ምን ያህል ስፋት ያለው ሣር ትግጣለች? እሱ ሁልጊዜ ሩብ ክብ ይላል። ማዕዘኑ ዘጠና ዲግሪ ነዋ! ላሟ ውጪ ናት፣ ቤቱ የወሰደባት ሩቡን ነው፣ ሦስት ሩቡ የእሷ ነው እለዋለሁ። ይስቅና፣ ኅብረት ሱቅ ገመድ ከጠፋ ስንት ጊዜው፣ እሷ ሰባት ሜትር ከየት አመጣች ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ደብተሩን ወርውሬ እነሳለሁ።

አንድ ቀን ግን ገባኝ። ማዕዘን ሲባል ለእሱ የሚታየው የተቀመጠበት ጥግ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ቤትን ከውስጥ ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ላሟንም ከውስጥ አሰራት። ደጅ አውጥቼ እንዳላሳየው አይሆንም። የእናታችንን የልብስ ሣጥን ጎትቼ ወለሉ መሐል አስቀመጥሁና፣ አንዱ ማዕዘን ላይ ክር አስሬ ጫፉን ከጠመኔ ጋር ሰጠሁት። እየተንፏቀቀ ሲሚንቶው ላይ አሰመረ። ክሩ ከሣጥኑ አንድ ጎን ተነሥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ሌላው ጎን ላይ ሲያርፍ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለካ ይህን ያህል ቦታ ነበራት» አለ።

ከዚያ ወዲህ አልሳተም። በግም ፍየልም አሰርሁበት፤ ሁሉንም መለሰ። ያልፋል ብዬ አመንሁ፤ እናታችንም የእኔን ፊት አይታ አመነች።

የፈተና ካርዱን ራሱ ቀርቦ ፈርሞ መውሰድ ግድ ነበር። እናታችን አብራው ሄደች። ሲመለሱ የመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ሥር የአፈሳ መኪና ቆሞ ጠበቃቸው። ካርዱን አሳያቸው፤ እዚያ ይጣራል ብለው ጫኑት። እናቴ ለመነች፣ ጮኸች፣ ከመኪናው ኋላ ሮጠች፤ የሰማት የለም። ከዚያ በኋላ ዓይኑን አላየነውም።

የፈተናው ቀን ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ የእሱ ቁጥር ተለጥፎበታል። ወረቀቱን ገለጥሁ። ላም አይደለችም፣ በቅሎ ናት፤ የመጋዘን ማዕዘን ላይ ታስራለች። ምርጫው ውስጥ ሩቡም ሦስት ሩቡም አሉ። ሦስት ሩቡን አጠቆርሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ወለሉን ጠርጋዋለች፤ የጠመኔውን መስመር ግን አልነካችውም። ምን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሻት አስቤ ነበር፤ አቃተኝ። እሱ የሚያውቀው መጣ አልኋት።



«ምነው የማያውቀው በመጣ» አለች።