የሲቀላው ሱቅ ጥበቃ

ትናንት አዲሱ ሱፐርማርኬት ስገባ የሳሙናና የበሰለ ሙዝ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝና ልቤ ድንግጥ አለ።

ልጅ ሳለሁ የዚህ ሱፐርማርኬት ባለቤት የነበራቸው ሲቀላ፣ እኛ ሰፈር ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነበር። እናቴ ዘይት ስትመርጥ፣ አክስቴ ከጫኖ ያመጣችልኝን ሙዝ ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጥበቃው ክንዴን ጨመደደኝ።

"አንቺ ሌባ፣ ከየትኛው ካርቶን ነው ያነሳሽው?"

እናቴም እሱን ታምነዋለች ብዬ ፈራሁ። ጨንቻ ተወልደው ያደጉት የሱቁ ባለቤት ከሚዛኑ ኋላ መጡ።

"ስታነሳ አይተሃል?"

"አላየሁም፣ ጋሼ።"

"ሳታይ ሌባ ማለት ጎሜ ነው። ጎሜ ያለበት ሱቅ አያድግም። ሳር ይዘህ ይቅርታ ጠይቃት።"

ጎሜ ነውር የሠራ ሰው ላይ የሚመጣ መቅሰፍት መሆኑን አላወቅኩም፤ አውሬ መስሎኝ በመደርደሪያዎቹ መሃል አማተርኩ። ጥበቃው እንደ አገሩ የእርቅ ወግ ከደጅ እርጥብ ሳር ነጭቶ ፊቴ ተንበረከከ።

"አጥፍቻለሁ፣ እህቴ። ማሪኝ።"

ትልቅ ሰው ሲንበረከክልኝ ጭራሽ ፈርቼ እሪ አልኩ።

ሱቁ ዛሬ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ በየትኛውም በር ላይ ቦርሳ አይፈተሽም። እኔ ግን ትናንት ስወጣ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሁለት መዳፎቼን ዘርግቼ ለጥበቃው አሳየሁ።