«ካሜራው ደህና ነው» ያልኩበት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለወንድሜ አልነገርኩትም፣ ለባሌ አልነገርኩትም፣ የልብ ጓደኛዬ ለምላትም ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ደፋር ሆኜ አይደለም። እስካለፈው ወር ድረስ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ውሸት ይመስለኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ በቀን አስር ጊዜ የሚዋሽ ዓይነት። በሰው ላይ ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ቆሜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

ጳውሎስ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለን። የአባታችን ነበር፣ አሁን ታላቅ ወንድሜ ጀማል ይመራዋል፤ የካሜራውን ክፍል የያዝኩት እኔ ነኝ። ጀማል ክፍሉን የሰጠኝ ወዶ አልነበረም። ሴት ልጅ ስለ ሌንስ ምን ታውቃለች የሚሉ ነጋዴ ጓደኞች ነበሩት፣ እሱም ሳያምናቸው አልቀረም። እልህ ያዘኝ። እያንዳንዱን መመሪያ አነበብኩ፣ እያንዳንዱን ካሜራ በእጄ ሞከርኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሠርግ የሚያነሱት ልጆች እንኳ «ሀያትን ጠይቋት» ማለት ጀመሩ። ተኩራራሁ። ኩራቴን የምነግራችሁ ለማስተዛዘን አይደለም፤ ያደረግሁትን ያደረግሁት ለዚሁ ኩራት ስል ስለሆነ ነው።

ጋሽ አንጁሎ የመጡት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ አጠር ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መሆናቸውን ነገሩኝና «ለወፍ የሚሆን ካሜራ ፈልጌ ነው» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ለሠርግ የሚሉ አሉ፣ ለምርቃት የሚሉ አሉ፣ ለወፍ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። እሳቸው ቀልድ አልያዙም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጦጦ ጫካ ይገባሉ። ለቀሚስ የሚሠሩትን የጥበብ ቀለም የሚያስማሙት ከወፍ እያዩ ነው። አንድ አረንጓዴ ወፍ አለ አሉኝ፣ ሲቀመጥ አረንጓዴ ብቻ ነው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ግን ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። አረንጓዴውና ቀዩ የት ላይ እንደሚገናኙ፣ መሀላቸው ምን ቀለም እንዳለ፣ በዓይናቸው ሊደርሱበት አልቻሉም። ቢደርሱበት እንደዚያ ያለ ጥበብ ሽሮ ሜዳ ላይ ማንም አልሠራም።

«ላባው ላይ ያለውን ክር መቁጠር አለብኝ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። የላባውን መስመር ክር ነበር የሚሉት።

ደስ አለኝ። ሌላው ደንበኛ ሁሉ ጥያቄው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ነው፣ ስለ ጥራት የሚጠይቅ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ሦስት ካሜራ ባንኮኒው ላይ ደረደርኩና ቁጥሩን አይመኑት አልኳቸው። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ካሜራ ወፉን አፍንጫዎ ሥር ያመጣዋል፤ ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ ትንሽ ከሆነ ግን የዛፍ ጥላ ውስጥ ላባና ጭቃ አይለይም። ስለዚህ ከሦስቱ በቁጥር ትንሹን፣ ሌንሱ ሰፋ ያለውን፣ ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮት ያለውን መረጥኩላቸው። ክርንዎን ግንድ ላይ ያስደግፉ፣ የሹተሩን፣ የብርሃን መዝጊያውን፣ ፍጥነት ከፍ ያድርጉት፣ ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን ያንሱ አልኳቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ ደገሙልኝ። ምክሬ ትክክል ነበር። ዛሬም ለሚጠይቀኝ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ከዚያ ዓይነት ካሜራ የቀረን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ ከሳምንት በፊት ከእጄ ጥዬው ነበር። አዎ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። አቧራ ስጠርግ ከእጄ አምልጦ በሌንሱ በኩል ሴራሚኩ ላይ አረፈ። ጀማል አልነበረም። አነሳሁት፣ ጭረት የለውም። ከፈትኩት፣ ሠራ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሁለት ፎቶ አነሳሁበትና መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እስከ መጨረሻው አቅርቤ ግን አልሞከርኩትም። ለምን አልሞከርኩትም? ከእኔ በላይ ካሜራ ያወቀ የለም የምል ሴት፣ የወደቀ ሌንስ የሚፈተነው ርቆ ሲያነሳ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። እንዳላውቅ ብዬ ነው። ለጋሽ አንጁሎም ስለ መውደቁ አንድ ቃል ሳልነግራቸው ሸጥኩላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተመለሱ። አልተቆጡም፣ አፍረው ነበር የመጡት። «አጠፋሁ መሰለኝ፣ ያልሽኝን ሁሉ አድርጌ ነበር» አሉ። ፎቶዎቹን አየኋቸው። ወፉ አለ፣ ክንፉን ዘርግቷል፣ ቀዩ ይታያል፤ ላባው ግን በውሃ የራሰ ቀለም ነው። ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስደግፌ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ጽሑፍ አቅርቤ አነሳሁ። በቀኝ በኩል ያሉት ፊደሎች ጥርት ብለዋል፣ በግራ በኩል ያሉት ቀልጠዋል። በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። እጅ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ሁሉ እኩል ነው የሚደበዝዘው፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚደበዝዝ ፎቶ የተመታ ሌንስ ነው። ይህን ለማንም ጀማሪ የማስረዳው እኔ ነኝ።

ጀማል ከሒሳብ መቀበያው ቀና ብሎ «ምንድነው ችግሩ፣ ሀያት?» አለኝ።

እውነቱን ብናገር ምን ይሆን ነበር? ጀማል ይቆጣ ነበር፣ ጓደኞቹ ይስቁብኝ ነበር፣ ምናልባት ወደ ስልክ ቻርጀር ሽያጭ እመለስ ነበር። ይኸው ነው። ለዚህች ስል ነው «ካሜራው ደህና ነው፤ የጋሼ እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው» ያልኩት።

ጋሽ አንጁሎ ሁለት እጃቸውን በባንኮኒው መስታወት ላይ ዘረጉና አዩዋቸው። የጣቶቻቸው ጫፍ በክር የተቦረቦረ፣ ጠንካራ እጅ ነው። ከዚያ ቀና ብለው «አንቺ ይታይሻል?» አሉኝ። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር። እጃቸው አይንቀሳቀስም፤ መስታወቱ ላይ የተቀመጠ ዕቃ እንኳ እንደዚያ አይረጋም። እኔ ግን «አዎ፣ ትንሽ» አልኩ።

«አባቴንም እንዲህ ነበር የጀመራቸው» አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም ሳይሆን እንዲያው። ካሜራውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ፣ አመሰገኑኝ፣ ወጡ። እኔም ቀጣዩን ደንበኛ አስተናገድኩ። በዚያ ሳምንት አንድ ሁለቴ ሳይታወሱኝ አልቀሩም፣ ከዚያ ረሳኋቸው። አራት ዓመት ሙሉ ረሳኋቸው።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ልጃቸውን ሲድሩ ለስጦታ የሚሆን ነጠላ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስል፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አየሁ። ክንፉን የዘረጋ አረንጓዴ ወፍ። በቀኝ በኩል ያለው ቅጠል ጥርት ብሏል፣ በግራ በኩል ያለው ክንፍ ቀልጧል። ክው ብዬ ቀረሁ። የራስን ጽሑፍ አይቶ እንደማወቅ ነው፤ ያንን ድብዝዝታ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሱቋን የያዘችው አስቴር የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ፎቶውን ማን እንዳነሳው ስጠይቃት አባቷ መሆናቸውን ነገረችኝ። ድሮ ሸማኔ ነበሩ አለችኝ። ለምን ተዉት አልኳት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብለው ነው አለች። የሰው ቀሚስ ከማበላሸቴ በፊት ብለው መሸመኛቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። ሐኪም ቤት ወስዳቸው ነበር፣ ሁለት ጊዜ፤ መረመሯቸው፣ ምንም የለብዎትም አሏቸው።

«እሳቸው ግን አያምኑም» አለች። «ሐኪም ሊሳሳት ይችላል፣ ካሜራ አይዋሽም ይላሉ። ስለ ካሜራ የምታውቅ ልጅ በዓይኗ አይታዋለች ይላሉ።»

በዓይኗ አይታዋለች። እስካሁን ይህች ቃል ስትመጣብኝ የያዝኩትን አስቀምጬ መቀመጥ አለብኝ። እኔ ያን ቀን ራሴን ከአንድ ቁጣ ነው ያዳንኩት ብዬ ነበር። የሰው እጅ እየወሰድኩ እንደነበር ማን ነገረኝ? ማንም መንገር ነበረበት እንዴ? ሸማኔ መሆናቸውን በራሳቸው አፍ ነግረውኛል። ሸማኔን እጅህ ይንቀጠቀጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ስንት መጽሐፍ ማንበብ ነበረብኝ?

ጋሽ አንጁሎ እዚያው ነበሩ። ከልጃቸው ኋላ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ለሌሎች ሸማኔዎች ክር ያጠነጥኑ ነበር፤ ለልጆች የሚሰጥ ሥራ ነው። እያየኋቸው አስቴር መርፌና ክር አቀበለቻቸው፣ የአንዲት ገዢ ቀሚስ ጠርዙ ተተርትሮ ነበር። ክሩን በምራቃቸው ነካ አደረጉና በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አሳለፉት። አስቴር አላየችም፣ እሳቸውም ልብ አላሉትም። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። የባንኮኒዋን ጠርዝ ያዝኩ።

መርፌውን ሲመልሱ አዩኝና ለየሁሽ አሉ። ፊታቸው በራ። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ ሞቃትና የረጋ እጅ ነው። ለአስቴር «ያቺ ልጅ ናት፣ የነገርኩሽ» አሏት። ቀጥለው አመሰገኑኝ። ሰው ሁሉ ያፍራል፣ ይደብቃል፣ አንቺ ግን ሳትፈሪ በጊዜ ነገርሽኝ አሉኝ። አባታቸው እያወቁ ስንት ዓመት የሰው ሸማ አበላሽተው ስማቸው ጠፍቶ ነበር የሞቱት፤ እሳቸውን ግን ከዚያ አዳንኳቸው። «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እጅሽን አይንሳሽ» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? አሜን አልኩ። በዚህ አፌ አሜን አልኩና የስጦታውን ነጠላ ገዝቼ፣ አስጠቅልዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለራሴ የማልፈጥረው ሰበብ የለም። አሁን ብነግራቸው አራቱ ዓመት በከንቱ እንደሄደ አውቀው ልባቸው ይሰበራል እላለሁ። ባያውቁ ይሻላቸዋል እላለሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት እላለሁ። ውሸት ነው። ያን ቀንም ለእኔ ስል ነበር፣ ዛሬም ለእኔ ስል ነው። ሃይማኖቴ በደልሽን ለአላህ ንገሪ ይለኛል፣ ነግሬያለሁም። ግን የሰው ሐቅ ባለቤቱ ይቅር ካላለ አይነሳም፤ ይህንንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን አድርጌያችሁ? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት አንድ ሰው ናቸው። እሳቸው ደግሞ መበደላቸውን ገና አልሰሙም፤ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ስሜ በተነሣ ቁጥር ይመርቁኛል።