በጾም የወፈረው ውሻችን

በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ቤት ውሻ ይከሳል። አጥንት የለም፣ የወጥ ቅባት የለም፤ የሚደርሰው ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። የጎረቤቶቻችን ውሾች ጭሮ ከተማ ውስጥ ጎድናቸው እየተቆጠረ ሲዞሩ፣ ባለፈው ዓመት የእኛ ውሻ ወፈረ።

መጀመሪያ ያስተዋለው አባቴ ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ወገቡ ሲጨምር ሜትር ሳያወጣ በዓይኑ ያውቃል። አንድ ቀን እጁን እየታጠበ ውሻውን አየው። ከዚያ፣

«ይኼ ውሻ ጎኑ ሞልቷል። ምን እየበላ ነው?» አለ።

ጥያቄው እናቴን አስደነገጣት። ከቤታችን ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ዶሮዎች አሏት። በጾም እንቁላል ስለማንበላ፣ ዶሮዎቹ የሚጥሉትን ለፋሲካ ጤፍ ውስጥ እየቀበረች ታስቀምጣለች። በዚያ ሰሞን ግን ዶሮ ስታስካካ ሰምታ ወደ ጎጆው ስትሄድ፣ የምታገኘው እርጥብ ጭድ ብቻ ነበር።

«ሸለምጥማጥ ይሆናል» አለች።

«ሸለምጥማጥ በቀን?»

«ታዲያ ውሻው ጫጩት እንኳን ረግጦ አያውቅም እኮ! ላዩ ላይ ሲወጡበት ዝም ብሎ ነው የሚተኛው።»

«ሲያዩት ነዋ ዝም የሚለው» አለ አባቴ። «በጾም የሚወፍር ውሻ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ጠዋት ገና ሳይነጋ ለማጠናከሪያ ትምህርት ስወጣ እስከ አስፋልቱ ድረስ የሚሸኘኝ ይኸው ውሻ ነው። ከበስተኋላችን ካለው ኮረብታ ጅብ ስለሚወርድ፣ እሱ ከሌለ መውጣት እፈራለሁ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም በሌላ ዓይን አየው ጀመር። ሲያዛጋ ጥርሱን አያለሁ። ሲተኛ አፉ ላይ አስኳል እፈልጋለሁ።

አባቴ «አንቺ ጠብቂው» ስላለኝ ወንበሬን ወደ ጓሮ በር አዛውሬ እዚያ አጠና ጀመር። ቀን ምንም አላደረገም። አመሻሽ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ። የመስጊዱ አዛን ሲሰማ ከተኛበት ብድግ ይላል፤ ይንጠራራል፤ ዞር ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ በዶሮዎቹ ጎጆ ጀርባ በኩል በቁልቋሉ አጥር ሾልኮ ይጠፋል። ሲመለስ አፉን እየላሰ ነው። በማግስቱም እንደዚያው አደረገ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአባቴ ነገርኩት።

«በዶሮዎቹ ጎጆ በኩል?»

«በጀርባው በኩል።»

«በቃ» አለ አባቴ።

እንቁላል የለመደ ውሻ የሚደረግለት ነገር እኛ አገር ይታወቃል። እንቁላል ይቀቀልና እንደተፋጀ አፉ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እንቁላል ሲያይ ይሸሻል ይባላል። እናቴ በመጀመሪያ የተቆጣችው ለውሻው ብላ አልነበረም።

«በጾም በድስቴ እንቁላል አይቀቀልም!»

አባቴ እንቁላሉን ውጪ፣ በቲማቲም ቆርቆሮ ቀቀለና ውሻውን ጠራው። ውሻው ጭራውን እየቆላ መጣና ከእጁ ላይ ቀለብ አደረገው። ወዲያው ጮኸ፤ እንቁላሉን ተፋና ቁልቋሉ ሥር ገብቶ በመዳፉ አፉን ያሽ ጀመር።

«አየሽ እንዴት እንደተቀበለው? የለመደ ነው» አለ አባቴ።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነበር። የተቀበለው አባቴ ስለሰጠው መሰለኝ።

እንቁላሉ ግን መጥፋቱን አላቆመም። አባቴም ቆረጠ። መቻራ ቡና የሚሰበስበው አጎቴ ቅዳሜ በአይሱዙ ጭነት ይዞ ስለሚመጣ፣ ሲመለስ ውሻውን ይዞት እንዲሄድ በስልክ ተነጋገሩ። እስከዚያው እንዳይጠፋ ጓሮ ያለው የፓፓያ ዛፍ ላይ በገመድ ታሰረ። አመሻሽ ላይ አዛን ሲሰማ ገመዱን እየሳበ አለቀሰ። ጠዋት ብቻዬን እንዴት እንደምወጣ እያሰብኩ መጽሐፌን ገልጬ አላነብም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቁልቋሉ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። ሠፈሩ ሁሉ አዴ የሚላቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም እናት ናቸው።

«አንቺ፣ ሰሬያችሁ ታመመ እንዴ?» አሉ እናቴን። ውሻውን ማለታቸው ነው።

«ደህና ነው አዴ። ምነው?»

«ሁለት ቀን አላፈጠረማ!»

«ምን አላደረገም?»

«አላፈጠረም! ረመዳን ከገባ ከኛ ጋ ነው የሚያፈጥረው። አዛን ሲል ይመጣል፤ ቤት አይገባ፣ ዕቃ አይነካ፣ ደጅ ይቀመጣል። የሾርባውን አጥንት እጥልለታለሁ። ወላሂ ከባሌ ከሽማግሌው ቀድሞ ነው የሚደርሰው!»

እናቴን ሳቅ አፈናት። እኔ ወደ ፓፓያው ሮጬ ልፈታው ስል አባቴ ከስፌት ቤት ተመልሶ ደረሰ። ሰምቶ ሲያበቃ እሳቸውን በትሕትና አመስግኖ ሸኛቸውና በሩን ዘጋ።

«እሺ፣ ውፍረቱ ከሾርባው ይሁን። እንቁላሉስ?»

«እኔን የገረመኝ» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው ያለ ምክንያት ለሰው ውሻ ይህን ያህል አጥንት ይሰጣል? ሊወስዱት ይሆን እንዴ?»

ውሻው እንደታሰረ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት የአጎቴ አይሱዙ በር ላይ ጥሩንባውን ነፋ። አባቴ ገመዱን ሊፈታ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ዶሮ አስካካች። እናቴ እንደልማዷ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት፤ አባቴ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ጎጆው ውስጥ ገብስማዋ ዶሮ፣ እናቴ ከሁሉም የምትወዳት፣ ገና የጣለችውን እንቁላል በመንቆሯ ሰብራ አስኳሉን ትጠጣ ነበር። እናቴን ስታይ እንኳን አላቆመችም። ቅርፊቱንም ቀጠለች።

«አንቺ ቀላዋጭ!» አለች እናቴ። ድምፅዋ የተከዳ ሰው ድምፅ ነበር።

አጎቴ ከኋላችን መጥቶ አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንግዲያው ወንጀለኛዋን ልውሰዳታ! መቻራ ላይ በሕግ ትጠየቃለች።»

አባቴ አልሳቀም። ውሻውን አየ፣ ዶሮዋን አየ። «ከእሱ ተምራ ነው» አለ።

«ዶሮ ከውሻ?» አለ አጎቴ።

«አንዱ ሲያደርግ አይታ ነዋ። አይታወቅም።»

ቢሆንም ገመዱን ፈታው። አጎቴ ባዶ እጁን ወደ መቻራ ተመለሰ። ገብስማዋ ለፋሲካ ወጥ ሆነች፤ እናቴ ግን ከእሷ ሥጋ አልቀመሰችም።

በፋሲካ ዕለት አባቴ ከሰሃኑ ላይ ጥሩ አጥንት መርጦ ወደ ደጅ ወጣ። ውሻውን ጠራው። ውሻው ተነሣ፣ ጭራውንም ቆላ፣ ነገር ግን አልቀረበም። አባቴ እጁን ዘረጋ። ውሻው አንገቱን አስግጎ ከሩቅ አሸተተ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አባቴ አጥንቱን ወደ ራሱ አፍ አስጠግቶ ‹እፍ› አለበት፤ ትኩስ አለመሆኑን ሊያሳየው ይመስለኛል። ውሻው አሁንም እጁን ያይ ነበር።

በመጨረሻ አባቴ አጥንቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከኋላው ቆሞ በስንጥቁ ይመለከት ጀመር። «ወጡ ቀዘቀዘ እኮ» አለችው እናቴ። በእጁ ዝም እንድትል ምልክት ሰጣት።