ጨርቅ ነክሳ የምትሳደብ ምራት

ኦጉልቢኬ ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ፣ ልጆች ከወለደችም በኋላ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ እንደነከሰች ናት። የቱርክመን ምራት በአማቷ ፊት ትንፍሽ አትልም፤ ጨርቁን የምትለቀው አማቷ በቃሽ ስትላት ነው። አማቷ ሳፓርጉል ደግሞ በቃሽ የምትል ሴት አልነበረችም።

«አንቺ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል። እናትሽ ያስተማረችሽ ይሄንኑ ነው?»

ኦጉልቢኬ ጨርቋን እንደነከሰች ሻዩን ልታሞቅ ተነሳች። የዋጠችው ንዴት ግን ሊያሳብዳት ደርሶ ነበር።

የደረሰችላት የሳፓርጉል ልጅ ታውስ ናት። ታውስ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፤ መንደሩ «ምስኪን» እያለ ከንፈር ይመጥላታል። የቷ ምስኪን! ያቺ ተንኮለኛ፣ ሰው በአፉ የማይደፍረውን ሁሉ በእጇ ትናገራለች። የእጅ ወሬ ድምፅ ተብሎ አይቆጠርም፤ ምንጣፍ ሲሠሩ ጎን ለጎን ተቀምጣ ለምራቲቱ አስተማረቻት። ከዚያ ወዲህ ሳፓርጉል ፊት ለፊታቸው ስትነጫነጭ፣ ሁለቱ በጣታቸው ስስታም፣ ግመል ፊት እያሏት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ኦጉልቢኬ ሰው መሆኗ የሚታወቃት ያኔ ብቻ ነበር።

በዚህ ጸደይ ሳፓርጉል ሻይዋን እየጠጣች «ታውስ አሽጋባት ከተማ ትሄዳለች» አለች። «እዚያ ላለው ወንድሟ ልጆቹን ትጠብቅለት። እዚህ ምን ትሠራለች?»

የኦጉልቢኬ ባል እንደሆነ ከእናቱ ቃል አይወጣም። ታውስ ከሄደች በዚህ ቤት የሚያዋራት የለም። ጨርቁን ከጥርሷ ለቀቀችው።

«አትሄድም።»

«አፍ አለሽ ለካ» አለች ሳፓርጉል።

«አፍ የሰጠችኝ እሷ ናት። እሷን ከላኩ እኔም ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ።»

«ነውረኛ! ጨርቁን መልሰሽ ንከሺ።»

«አልነክስም።»

«በእጅሽ ስትሰድቢኝ የማላውቅ መስሎሽ ነው? ልጄ እኮ ናት። ያንን ምልክት ሁሉ በሕፃንነቷ ያወጣነው እኔና እሷ ነን።»

«ታዲያ ለምን አያዋሯትም?»

ሳፓርጉል ዓይኗን ከምራቷ አሸሸች። «አማቴ ትስቅባት ነበር። ጣቷን ባንቀሳቀሰች ቁጥር በማማሰያ ትመታት ነበር። ያኔ እኔም አፌ ውስጥ ጨርቅ ነበር፤ ተይ እንኳ አላልኳትም። ከዚያ እጄንም ሰበሰብኩ።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ታውስ የሁለቱንም ከንፈር ስታይ ቆይታ፣ ኦጉልቢኬን በክርኗ ጎሰም አድርጋ እናቴ ምን እያለች ነው ብላ በእጇ ጠየቀቻት።

ኦጉልቢኬ አልራራችም። «እኔ አስተርጓሚዎ አይደለሁም» አለች አማቷን። «ራስዎ ይንገሯት።»

ሳፓርጉል ምራቷን እየረገመች ወደ ልጇ ዞራ እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አነሳች።