በቁልፍ የያዝኳቸው የወንጌል ትርጓሜዎች

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግዬ ጡረታ ስወጣ አንዲት ወንበር እንኳ ጎድላብኝ አታውቅም። ሰቆጣ ያለው ደብራችን የመጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጎ የሾመኝም ለዚህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገራችን ተወላጆች ለገጠር ቀሳውስትና ለአብነት ተማሪዎች የሚሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ሁለት ካርቶን ሊልኩ ቃል ገብተው፣ “የሚሻለውን እናንተ ምረጡ” አሉን። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አራት ወር ፈጀ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ እኔ፣ የደብሩ መሪጌታ፣ እንዲሁም ከጎጃም ተመድባ መጥታ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የምታስተምር ነርስ። ለፊደሉ ጉላት፣ ለአማርኛው ግልጽነትና ለጥራዙ ጥንካሬ ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ አቀረብኩ። መሪጌታው ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት።

“ወንጌልን በመቶኛ?”

“መጽሐፉን ነው እንጂ የኔታ።”

“ትርጓሜ ከመምህር አፍ እንጂ ከካርቶን አይወጣም። እኔ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቼበታለሁ።”

ነርሷ ሳቀች። “የገጠሩ ቄስ ሰባት ዓመት ደጅ ሲጠና ሕዝቡን ማን ያስተምርለት? እርስዎ ይወርዱለታል?”

“አንቺ መርፌሽን ውጊ!”

እሳቸው በየገጹ ግእዝ ይኑርበት አሉ። እሷ ብዙዎቹ ቄሶች ለሕዝባቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ስለሚያስረዱ ቀላል አማርኛ ይሁን አለች። በስተመጨረሻ እኩል በእኩል አዘዝን። መጻሕፍቱ ሲደርሱ ደግሞ መሪጌታው፣ ትርጓሜ ከመምህር ያልተማረ መጽሐፉን አይወስድም አሉ። የተማረማ መጽሐፉ ምን ያደርግለታል? ብዬ ጠየቅኩ። ሙግቱ ሲሰለቸን፣ መጽሐፍ የሚወጣው በሦስታችን ፊርማ ብቻ እንዲሆን ወሰንን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መዝግቤ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ባለ መስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድሬ ቆለፍኩ። አደራደሬ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

በዐቢይ ጾም አምስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ከፃግብጂ ገጠር አንድ ወጣት ቄስ በእግራቸው መጡ።

“ጋሼ፣ እኔ ቅዳሴ እንጂ ትርጓሜ አልተማርኩም። የፊታችን እሑድ ገብርኄር ነው። ዓምና ጌታው የሰጠውን መክሊት ስለ ቀበረው አገልጋይ ሳነብ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ‘አደራውን ሳያጎድል የመለሰ ሰው ምን አጠፋ?’ አሉኝ። ‘ለከርሞ እነግርዎታለሁ’ አልኩ። ይኸው ከርሞ ደረሰ። ዘንድሮም ዝም ካልኩ ማን ይሰማኛል?”

“መምሬ፣ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። መሪጌታው ለተዝካር ወጥተዋል፤ የሚመለሱት ሰኞ ነው።”

“ሰኞማ እሑድ አልፎ!” አሉና፣ “እርስዎ የንብረት ሰው ነዎት አሉ። እስቲ ይፍረዱ፤ ያ አገልጋይ ጥፋተኛ ነው?”

“በእኛ ደንብ ምንም አላጠፋም። ክሊራንስ ይጻፍለታል” አልኩ፣ ሳላመነታ።

ቄሱ በመስተዋቱ በኩል የተደረደሩትን መጻሕፍት ይመለከታሉ። እኔም ተመለከትኩ። አንዱም አልጎደለም፤ አንዱም አልተገለጠም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቀላል አማርኛ ያለውን የወንጌል ትርጓሜ አወጣሁላቸው። በመዝገቡ ላይ ፊርማዬን ብቻ አኖርኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ መለሱት። የመክሊቱ ገጽ ላይ ሰም ተንጠባጥቦበታል፤ ጠርዙ ላይ የኽምጣንጋ ቃላት በእርሳስ ተጽፈዋል።

“ሽማግሌውስ ምን አሉ?” አልኳቸው።

“‘ይህችን ጥያቄ ለመመለስ ዓመት ይፈጃል፣ መምሬ?’ አሉኝ።”

መሪጌታው መዝገቡን አይተው ተቆጡ፤ አሁንም እንደተቆጡ ናቸው። እኔን ግን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። የቀሩት መጻሕፍት ዛሬም እንደ መጡ ንጹሕ ናቸው።